ሐይቅ የተመደበለት ግቢ

አንዳንድ የትምህርት ተቋማት አሉ፤ ውድ ጊዜያቸውን በማስተማር ያባክናሉ። ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ትንሹ ካምፓስ ግን ዶክተር ማስረሻ በዲንነት ከተሾሙለት ቀን ጀምሮ ከዚህ ኋላ ቀር አሠራር ራሱን ነጻ አውጥቷል። ዶክተሩ ሥራ በጀመሩበት ሳምንት ግቢውን ዞረው ጎበኙ። ቤተ ሙከራው መሣሪያ አልነበረውም፤ አለፉት። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ሁሉም የአንድ መጽሐፍ ቅጂዎች ነበሩ፤ እሱንም አለፉት። በሩ ላይ ቆመው ግቢውን በሙሉ ሲያዩት ግን ያ ሁሉ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«የሺዓለም» አሉ ጸሐፊያቸውን፤ «ይህ ግቢ ገጽታ የለውም።»

«ዛፍ አለው እኮ ዶክተር።»

«ዛፍና ገጽታ ይለያያሉ። ዛፍ ዝም ብሎ ይበቅላል፤ ገጽታ ግን ይታቀዳል።»

በዚህ ታላቅ ንግግር ማግስት የካምፓስ ገጽታ ዲዛይን ዕቅድ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዶክተር ማስረሻ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ የሺዓለም፣ የቀሩት ሰባት አባላት ደግሞ ሰብሳቢው ሲናገሩ ራሳቸውን በመነቅነቅ የተመሰከረላቸው የክፍል ኃላፊዎች ነበሩ። በግቢው ውስጥ ችግኝ ተክሎ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው አትክልተኛው አቶ ጫምሳ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ተክለዋል። እሳቸውን በአባልነት መያዝ ግን የጥቅም ግጭት ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ታለፈ። የዶክተሩ ዶክትሬት በአመራር ሳይንስ ነው። አመራር ደግሞ ሁሉን ነገር ይመራል፤ ሣርንም ቢሆን።

ኮሚቴው ሥራውን እንደ ማንኛውም ቁም ነገረኛ ኮሚቴ በልምድ ልውውጥ ጀመረ። ቢሾፍቱ ሄደ፤ ሐይቅ ዳር ተቀመጠ፤ ዓሣ በላ። በዓሣው ጥብስ ላይ ጥልቅ ውይይት ተካሄደ። ዶክተር ማስረሻ ግን ብዙም አልበሉም። ያደጉት ውሃ ከሩቅ በአህያ በሚመጣበት አገር ነውና ያን ያህል ውሃ ዝም ብሎ ተኝቶ፣ ማንም ሳይቀዳው ሲያዩ ከማዕዱ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ዳርቻው ላይ ብዙ ቆሙ።

«እኛ ለምንድን ነው ሐይቅ የሌለን?» አሉ በመጨረሻ።

«እግዜር አልፈጠረልን ይሆናላ» አለች የሺዓለም።

«እሱ የቀድሞው አመራር ክፍተት ነው» አሉ ዶክተሩ። ሰባቱ አባላት ነቀነቁ።

እንግዲህ ዕቅዱ ሐይቅ ያለው ሆነ። ሥዕሉን እንዲሠራ አማካሪ ተቀጠረ፤ ኢንጂነር ያደታ ይባላል፤ የአዳማ ልጅ፣ ፈጣን፣ ከላፕቶፑ የማይለይ። በሦስተኛው ሳምንት የግቢውን የወደፊት ገጽታ ግድግዳ ላይ አበራው። አባላቱ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ሣር፣ ረጃጅም ዘምባባ፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ነጫጭ ዳክዬዎች ይታያሉ። በዳርቻው ደግሞ ጸጉራቸው ወርቅማ የሆነ ባልና ሚስት ውሻቸውን ያንሸራሽራሉ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» ጠየቁ ዶክተሩ።

«ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡ ናቸው ዶክተር። ላጥፋቸው?»

«ተዋቸው። ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ማጠናከር በስትራቴጂክ ዕቅዳችን ውስጥ አለ።»

ሥዕሉ ከመሬቱ ጋር ሲመሳከር ትንሽ ልዩነት ተገኘ። በሥዕሉ ላይ የሌሉ፣ መሬቱ ላይ ግን ያለ ፈቃድ የቆሙ ሃያ ሦስት ግራሮች ነበሩ። ከግቢው በላይ ካለው ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በሴት ተማሪዎች ዶርም ጀርባ የሚያልፍ፣ ከዚያም በአጥሩ ሥር ወደ ገበሬዎች ማሳ የሚወጣ አሮጌ ቦይም ነበር። ጊዜው የካቲት ነው፤ ቦዩ አቧራና ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ብቻ ይዟል። አቶ ጫምሳ ተጠሩ። ቆባቸውን አውልቀው በር ላይ ቆሙ።

«አቶ ጫምሳ፣ ይህ ቦይ ውሃ አለው?»

«አሁን የለውም ዶክተር።»

«ውሃ የሌለው ቦይ ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ክረምት ላይ ጎርፍ አለ። ከዚያ ተራራ ነው የሚወርደው። ይሄ ቦይ ይቀበለውና ወደ ውጭ ያወጣዋል።»

ያደታ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሥዕሉን በጥንቃቄ መረመረ። «እዚህ ላይ ክረምት የለም» አለ።

«ዶክተር» አሉ አቶ ጫምሳ፤ «ይሄ ከተደፈነ ውሃው እነዚያ ልጆች የሚተኙበት ይገባል። ግራሮቹም ቢሆኑ አፈሩን የያዙት እነሱ ናቸው።»

«በጣም እናመሰግናለን። አስተያየትዎ በግብዓትነት ተወስዷል።»

አቶ ጫምሳ ግብዓት ሲባል የሚያውቁት ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን ነው። ይመጣል ብለው እስከ ሚያዝያ ጠበቁ።

በሚያዝያ የመጣው መጋዝ ነበር። ሃያ ሦስቱ ግራሮች በአንድ ሳምንት ወደቁ። ቦዩ በገልባጭ መኪና አፈር ተደፈነ፤ ላዩም በጥሩ ሁኔታ ተደለደለ። በምትካቸው አርባ ዘምባባ ተተከለ። የአዳማ ነፋስ ሁሉንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ወገን አበጥሮ አደረቃቸው፤ ይህም ለግቢው ወጥ የሆነ ገጽታ ሰጠው። የተማሪዎች ተወካይ የሆነችው ሀኒ ዶክተሩ ቢሮ ድረስ መጣች።

«ዶክተር፣ ከክፍል ስንወጣ የምንቀመጥበት ጥላ የለም።»

«ጥላ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተካቷል።»

«አሁን ስንተኛው ላይ ነን?»

«የመጀመሪያውን ምዕራፍ የመጀመሪያ አጋማሽ እየገመገምን ነው።»

ሐይቁን በተመለከተ የበላይ መሥሪያ ቤቱ በጀት እንደሌለ ጽፎ መለሰ። ዶክተር ማስረሻ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ቤታቸው ሄደውም ለባለቤታቸው አልነገሩም። ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አልነበሩም። የግቢው መሐል በዶዘር እንደ ሳህን ተጎድጉዶ ታጠረ፤ «ለሐይቅ የተመደበ ቦታ፤ መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ቆመበት።

ሐምሌ ገባ። የበላይ ኃላፊዎች የካምፓሱን የገጽታ ግንባታ አፈጻጸም ሊገመግሙ ሐሙስ እንደሚመጡ ተነገረ። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ተራራው ላይ ዘነበ። ጎርፉ እንደ ልማዱ ወርዶ ቦዩን ፈለገ፤ ቦዩ የለም። ግራሮቹ ዘንድ ሄደ፤ እነሱም የሉም። ሌላ ምን ያድርግ? በሴቶቹ ዶርም በኩል አቋርጦ፣ የተወሰነውን እዚያው ጥሎ፣ የቀረውን ይዞ ግቢው መሐል በተጎደጎደው ሳህን ውስጥ ተኛ።

ሴቶቹ ልጆች እየጮሁ ፍራሻቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ወደ መማሪያ አዳራሹ ሮጡ። ዶክተር ማስረሻ ዣንጥላ ይዘው ወጡ። የሺዓለም ከኋላቸው ነበረች፤ ሊያለቅሱ ነው ብላ ፈራች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውሃው መልኩ ሻይ በወተት ቢሆንም ሰማዩ በላዩ ላይ ይታያል። ዶክተሩ ቢሾፍቱ ላይ እንደቆሙት ቆሙ።

«የሺዓለም።»

«አቤት ዶክተር።»

«ከዕቅዱ ቀድሟል» አሉ። ዣንጥላቸውን አጠፉ። «ሐይቁ ያለ በጀት ተጠናቋል።»

ሐሙስ ሐይቁ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፤ ጭብጨባ ሆነ። የበላይ ኃላፊው ባደረጉት ንግግር ካምፓሱ የውስጥ አቅሙን አሟጦ በመጠቀም ለሌሎች ተምሳሌት መሆኑን ገለጹ። ቀጥለውም ወደ ውሃው ጠጋ አሉ።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

«እንደ ሁኔታው ነው» አሉ ዶክተሩ።

«ያ የሚንሳፈፈውስ?»

የሚንሳፈፈው ከዶርሙ ያመለጠ የስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ያደታ ፈጠን ብሎ «ጀልባ ነው፤ በሙከራ ደረጃ ላይ ነው» አለ። ኃላፊው ከጀልባው ጋር ፎቶ ተነሡ።

ዓርብ ጠዋት ዐቢይ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። አጀንዳው የሐይቁ ዘላቂነት ነው። በሐይቁ ውስጥ ዓሣ እንዲኖር በሙሉ ድምፅ ተወሰነና ቆሮሶ የሚባለውን እንዲያመጣ ፒክአፕ ወደ ቆቃ ተላከ። በዚያው ሰዓት አቶ ጫምሳ ከአዳራሹ በር ላይ የሺዓለምን አገኟት።

«የሺ ልጄ፣ ዶክተርን ላናግር።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው ኦቦ ጫምሳ።»

«ሑስና የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አለች። ሁለት ሌሊት በእርጥብ ልብስ አድራ አሁን ትንቀጠቀጣለች። ውሃው ዶርሙ ውስጥ እንደቆመ ነው። ቦዩን ልክፈተው?»

የሺዓለም ገባችና ወጣች። «በጽሑፍ ያቅርቡ ብለዋል።»

አቶ ጫምሳ ቆባቸውን ደፉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አለቃ እምቢ ብለው አያውቁም፤ አሁንም እምቢ አላሉም። ጽሑፍ ስለማይችሉ በዶማ አቀረቡት። መቆፈር ሲጀምሩ ሀኒ ጫማዋን አውልቃ መጣች፤ ከዚያ ሌሎቹ መጡ፤ በሳፋ፣ በባልዲ፣ በምግብ ቤት ትሪ አፈሩን ያወጡ ጀመር። የሺዓለምም ቃለ ጉባኤውን መስኮት ላይ አስቀምጣ ወረደች። እኩለ ቀን ላይ ቦዩ እስከ ሐይቁ ዳር ተከፈተ። የዶርሙም የሐይቁም ውሃ መጀመሪያ ያመነታ መሰለ፤ ቀጥሎ የድሮ መንገዱን አውቆ በአጥሩ ሥር ወጣ። ሑስና በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደችና በሦስተኛው ቀን ድና ተመለሰች።

ኮሚቴው ስብሰባውን በስኬት አጠናቆ ሲወጣ ፒክአፑ ከቆቃ ደርሶ ነበር። ሁለት ሰዎች ዓሣ የሞላበት በርሜል ይዘው ጭቃ ዳር ቆመዋል።

«ዶክተር፣ የት እንክተተው?» አለ አንዱ።

ዶክተር ማስረሻ ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ። ጭቃውን አዩ። በሕይወታቸው አንድ ሐይቅ ነበራቸው፤ ዕድሜው ሁለት ቀን አልሞላም። ዓሣው ለተማሪዎች ምሳ ሆነ። በካምፓሱ ታሪክ ከተከናወኑት ዕቅዶች ሁሉ ተጠቃሚው ጋ የደረሰው ይህ ብቻ ነው።

በሳምንቱ አቶ ጫምሳ በዲሲፕሊን ተከሰሱ። የክሱ ጭብጥ አጭር ነበር፤ የተቋሙን ንብረት፣ ዓይነት ሐይቅ፣ ብዛት አንድ፣ ያለ መውጫ ፈቃድ ከግቢ ማስወጣት።

«ሐይቁን አስወጥተዋል ወይስ አላስወጡም?» ጠየቁ ዶክተሩ።

«አስወጥቻለሁ።»

«መውጫ ነበረዎት?»

«አልነበረኝም ዶክተር። እሱም ሲገባ መግቢያ አላሳየም።»

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነቀነቀም። ንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ከሪማ መዝገቧን አገላብጣ፣ እውነትም ሐይቁ በመዝገብ ገቢ ሳይደረግ መመረቁን አረጋገጠች። ገቢ ያልሆነ ንብረት ደግሞ ሊጠፋ አይችልም። የተመረቀ ሐይቅ አልነበረም ማለትም አይቻልም፤ ሪፖርቱ ሄዷል፤ ፎቶው ሄዷል። ዶክተሩ አስበው አስበው የአመራር ሳይንስ መፍትሔ አገኙ። ሐይቁ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ገቢ እንዲሆን፣ ተረካቢውም ለውሃ ቅርበት ያላቸው አቶ ጫምሳ እንዲሆኑ ተወሰነ። አቶ ጫምሳ ከክሱ ነጻ መውጣታቸው ነው ተብለው በጣታቸው ፈረሙ።

በጥቅምት ስድሳ ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ለመውጣት ክሊራንስ ሊያስፈርሙ ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። ዶማ መለሱ፤ አካፋ መለሱ፤ ቆባቸውን ሳይቀር መለሱ። ወይዘሮ ከሪማ ግን ካርዱን አይታ አንገቷን ደፋች።

«ኦቦ ጫምሳ፣ ሐይቅ አንድ ይቀርዎታል።»

«ከየት ላምጣው?»

«እኔ ምን ላድርግ? ካርዱ ላይ አለ።»

አቶ ጫምሳ በመስኮቱ ወደ ተራራው አዩ። «በዚህ ወር የለም» አሉ ቀስ ብለው፤ «ሐምሌ ላይ ግን ይመጣል። ያኔ አስረክባለሁ።»

ሐሳቡ በጽሑፍ ለዶክተር ማስረሻ ቀረበ። ዶክተሩ በደስታ ተቀበሉት፤ በማግስቱም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወጣ። «አቶ ጫምሳ በስማቸው የሚገኘውን ሐይቅ በሐምሌ ወር፣ ሙሉ ይዘቱ ሳይጎድል፣ በዲኑ ቢሮ ቀርበው ለርክክብ ኮሚቴው እንዲያስረክቡ» ይላል። ለዚሁ ሥራ ሲባልም ዶማውና አካፋው በጊዜያዊነት ተመለሱላቸው።

አቶ ጫምሳ ደብዳቤውን ለየሺዓለም ሰጥተው ሁለት ጊዜ አስነበቡት። በተለይ «በዲኑ ቢሮ» የሚለው ላይ ስትደርስ እንደገና እንድትደግምላቸው ጠየቁ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ፣ በመመሪያው መሠረት፣ ቦዩን ወደዚያው አቅጣጫ እየቆፈሩ ነው።