የጓድ ወልደተንሣኤ የስልክ እንጨት

መንግሥት ቢለወጥ የማይለወጥ አንድ ሰው በየቀበሌው አለ፤ «ትንሽ ነው የቀረው» ባዩ። ውኃው ትንሽ ነው የቀረው፣ መንገዱ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሐኪሙም ተነሥቷል። ከአንኮበር በታች ላለችው ሰፈራችን የደረሰን ክቡር ጓድ ወልደተንሣኤ ነው፤ የስልክ ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ስልክ የለንም፤ ኮሚቴው ግን አለ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ስለ ስልክ የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነበር። በስብሰባ እንዳስረዳን ሽቦው ከመንግሥት፣ እንጨቱ ከሕዝብ ነው፤ ከየቤቱ ሁለት ሁለት ባሕር ዛፍ ይዋጣል። አጨበጨብን። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልታየች ወደብ ከሚሠራ ባሏ ጋር አሰብ ወርዳ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ድምፅዋን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያም ሆኖ ብልጥ ነኝ ብዬ ሁለት ጠማማ እንጨት አቀረብኩ። ቀጥ ያሉትን ያሳደግኳቸው ለአዲሱ ቤቴ ምሰሶ ነበር። ጓድ ወልደተንሣኤ ጠማማዎቹን ዙሪያቸውን ዞሮ አየና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ደመቀች፣ በዚህ ላይ የሚመጣ ድምፅ ቀጥ ብሎ የሚደርስሽ ይመስልሻል? የልጅሽ ነገር መንገድ ላይ ቢጣመምስ?»

አመንኩት። አጠገባችን የቆመው አስተማሪ ሳል ይዞት ፊቱን አዞረ፤ ብርድ የመታው መስሎኝ አዘንኩለት። ቀጥ ያሉትን ቆርጬ ሰጠሁ፣ ጠማማውን ቤቴ መካከል ተከልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳ ሲገባ አንገቱን ዘመም አድርጎ ነው የሚያየው።

እንጨቱ ቆመ፤ ሽቦው ቀረ። አንዴ መስመሩ አስቀድሞ በእኛ ይለፍ ወይስ በአልዩ አምባ ብለው የበላዮቹ ተጣሉ፤ አንዴ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ አንዴ በጀቱ ወደ ጦርነቱ ዞረ። ጓድ ወልደተንሣኤ ሁሉንም እንደ ድል ያበስረናል፦ ትንሽ ነው የቀረው። እኔም እንጨቴን ከሩቅ ስለምለየው ለገበያተኛው ሁሉ አሳያለሁ። ነፋስ ሲነፍስ ጆሮዬን የለጠፍኩበትም ቀን አለ። የሳቀ ይሳቅ።

የልጄ መውለጃ አለፈ። ወሬ የለም። ያን ቀን ሊቀ መንበሩን እንጨቴ ሥር አግኝቼ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። በማግስቱ ከሰፈር ጠፋ። ከስድቤ ሸሸ ተባለ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ሰንበት ብሎ አቧራ ለብሶ መጣ። ለካስ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግሩ ወጥቶ፣ ስልክ ቤት አልታየችን ከአሰብ አስጠርቶ፣ እስክትቀርብ በረንዳ ላይ ሲያድር ሰንብቷል። ቤት ግባ ስለው እምቢ አለ። እንጨቴ ሥር ወስዶኝ፣ ለሰልፍ እንደተጠራ ሰው እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ ቆመ።

«‹እማዬ፣ ወንድ ነው። ምጡ ጠንቶብኝ ነበር፤ አሁን ደኅና ነኝ። በርበሬ ላኪልኝ› ብላሻለች። አንዱም ቃል መንገድ ላይ አልተጣመመም።»

አለቀስኩ። እሱ የቆሰለ እግሩን እያሻሸ ወደ እንጨቱ ጫፍ ቀና አለና ሽቦውም ትንሽ ነው የቀረው አለኝ።

ዘንድሮ ምስጥ የበላውን እንተካ ብሎ በየቤቱ ሲዞር እኔም ጋ መጣ። እስኪበቃኝ ሰደብኩት። ከዚያ ጓሮ ገብቼ ከሁሉ ቀጥ ያለውን መረጥኩለት።