መኪና ለመጠየቅ የሄዱ ሽማግሌዎች

ስድሳ ሺህ ሼቄል። ቁጥሩን አስቀድሜ የምነግራችሁ ልኩራራባችሁ ብዬ አይደለም፤ ቁጥር የሌለበት ወሬ ስለማይጥመኝ ነው። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ሰፈር ውስጥ በሰው መጋዘን ጆንያ ከመሸከም ተነሥቼ፣ ኋላም እዚያው ሰፈር ትንሽ የጤፍና የበርበሬ ሱቅ ከፍቼ ነው። እያንዳንዱን ሼቄል በስሙ አውቀዋለሁ ብላችሁ አታምኑኝም። እሺ፣ አትመኑኝ።

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ጠባዩ ይለወጣል። ትናንት ስለ ልጁ ትምህርት ሲጠየቅ ሁለት ቃል የማይወጣው ሰው ዛሬ ስለ ሞተር ጉልበት ይሰብካል። የኛ ሰው ደግሞ ከሞተሩ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? ከእገሌ መኪና ይበልጣል? ጎረቤት ሲገባ አይቶታል? እኛ በምንኖርበት በኔቬ ያዕቆብ ሰፈር፣ ከኛ በላይ ያለው ጎረቤቴ የመኪናው መቀመጫ ከፋብሪካ የተሸፈነበትን ላስቲክ እስካሁን አላነሣም። ሁለት ዓመቱ ነው። በበጋ ነድቶ ሲወርድ ጀርባው ከወንዝ የወጣ ይመስላል፤ መቀመጫው ግን አዲስ ነው። እኔ እንዲህ ካለው ሰው አይደለሁም ብዬ አስብ ነበር። አስብ ነበር።

የነበረችኝ መኪና ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ የዕቃ መኪና ናት። በአንደኛው ወንበር እኔ፣ በሁለተኛው በርበሬው። በርበሬ ከጤፍ ጆንያ ሥር ከተቀመጠ ከረጢቱ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ካጠገቤ አስቀምጬ ቀበቶ አስርለት ነበር። ባለቤቴ ጥሩነሽ ወደ ሰርግም ወደ ለቅሶም የምትሄደው በአውቶቡስ ነው። ለዓመታት ምንም አላለችም። አንድ ማታ ከነታንያ ሰርግ እግሯ አብጦ ገባችና ጫማዋን እያወለቀች እንዲህ አለችኝ፦

«አንቱ ሰውዬ፣ በርበሬው እንኳ ካጠገብዎ ቀበቶ ታስሮለት ይሄዳል። እኔ በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ካጠገብዎ ተቀምጬ ሰርግ ሄጄ አላውቅም። ከእንግዲህ አብረን ካልሄድን ብቻዎን ይሂዱ። የሚጠይቅ ካለ ሞታለች ይበሉት።»

ጥሩነሽ ስትቆጣ አትጮኽም። ያ ነው የሚያስፈራው። አሮጌዋም መኪና እንደ ሰማቻት ሁሉ በዚያው ሳምንት ሞተች። ስድሳ ሺው ከባንክ ሊወጣ ግድ ሆነ።

ከሱቄ ብዙ ሳይርቅ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ አለ። እዚያ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው አገኘሁ። አንደኛዋ አጠር ያለች፣ ጣራዋ ግን ባርኔጣ እንደ ደፋ ሰው ከፍ ያለ፣ ባለ አምስት ወንበር ናት፤ በሮቿ እየተንሸራተቱ ይከፈታሉ፣ ከኋላዋ ሰፊ የዕቃ ቦታ አላት። ሃምሳ አራት ሺህ። ሁለተኛዋ ረጅምና የምታብረቀርቅ፣ ባለ ሰባት ወንበር ናት። ስድሳ ስድስት ሺህ።

እናንተ ብትሆኑ ታዩና ትሄዳላችሁ። እኔ ከሱቄ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ተሸክሜ ተመለስኩና መለካት ጀመርኩ። ሻጩ አቪ የሚባል ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው፤ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በትንሿ መኪና አራት ሰው ተቀምጦ ከኋላ ስምንት ጆንያ ይገባል። በትልቋ ሰባቱ ወንበር ከተዘረጋ ከኋላ የሚገባው የጥሩነሽ ቦርሳ ነው፤ እሱም ባዶ ከሆነ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ራሴ ተቀምጬ ሞከርኩት። ጉልበቴ እስከ አገጬ መጣ። ወንበሮቹ ሲታጠፉ ደግሞ ጤፉ ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ቤታችን የቀረነው አራት ነፍስ ነን፦ እኔ፣ ጥሩነሽ፣ ወታደር ቤት ያለው ልጄና ታናሽ እህቱ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ትንሿን በሃምሳ ሺህ እስማማለሁ፣ አሥር ሺህ ይተርፈኛል፣ ጥሩነሽ ካጠገቤ ትቀመጣለች፣ በርበሬው ወደ ኋላ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ወጉም አይኖርም፣ ስድሳ ሺዬም አይጎድልም ነበር።

ግን አገር ቤት በሬ እንኳ ሲገዛ ብቻ አይኬድም። የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ቀንዱን ያጣጥላል፣ ጥርሱን ከፍቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻጩ ልቡ ይደክማል፣ ዋጋው ይወርዳል። እኔም የአጎቴን ልጅ አያ ደሴንና ጓደኛውን አያ ቢተውን ለመንኳቸው። አያ ደሴ ንግግር አዋቂ ነው፤ አያ ቢተው ደግሞ አያ ደሴ ያለውን ሁሉ «እውነት ነው» ይላል። ስሕተቴ አንዲት ናት። «ነጭ ኩታችሁን ልበሱልኝ፤ ሰውዬው ይፈራችኋል» አልኳቸው። ኩታ ለብሶ፣ ጭራ ይዞ፣ ለሦስት ሆኖ የሰው ደጅ የሚቆም ሽማግሌ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው። ልጅ መጠየቅ።

በመጀመሪያ መኪኖቹን ተራ በተራ ኢትዮጵያ ጎዳና ወስጄ ልሞክራቸው ፈለግሁ። እዚያ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ያሉ እማሆይ ደንበኛዬ ናቸው፤ መንገዱ ደግሞ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር የሆነ ጠባብ ነው፤ እዚያ ያለፈ መኪና የትም ያልፋል። አቪ አብሮን መጣ። ትንሿ አጥሩን ተጠግታ ቆማ በሯ ተንሸራቶ ተከፈተ፤ ወርደን ሰላም ብለን ተመለስን። በትልቋ ስንመጣ ግን በሩ ትንሽ እንደ ተከፈተ ድንጋዩን ነካ። አያ ደሴ ውስጥ ቀረ። እማሆይ ከግቢው ወጥተው በመስኮቱ አጎንብሰው ሰላም አሉት። ከወገራ መሆኑን ሲነግራቸው እሳቸውም ከዚያው ሆኑ፤ ወንዙ ተጠየቀ፣ ገበያው ተጠየቀ፣ ያለውም የሞተውም ተጠየቀ። ከኋላችን አራት መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። እማሆይ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩና ወደ እኔ ዞሩ፦

«ልጄ፣ ዱቄቱ የት ሊቀመጥ ነው?»

ጥያቄው የኔ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን አያ ደሴ ቀደመኝ። «እማሆይ፣ ዱቄት ምን ጊዜም መንገድ አያጣም። ሰው ነው የሚቸገረው!»

«እውነት ነው» አለ አያ ቢተው ከኋላ፣ ጉልበቱን ታቅፎ።

ከመስኮት ሆኖ ሰላምታ መቀበል ለአያ ደሴ እንዴት እንደ ጣመው ያኔ ማየት ነበረብኝ። የጆንያውን ስፋት እንጂ የሰው ፊት አልለካሁም።

ግቢው ተመልሰን ክርክሩን ጀመርኩ። በዕብራይስጥ «የትንሿ ቀለም ተጭሯል፣ ጎማዋ ተበልቷል፣ ሃምሳ ሺህም ይበዛባታል» እላለሁ። አቪ ጥርሱን መክደን ጀምሮ ነበር። አያ ደሴ ግን ኩታውን አጣፍቶ፣ ጭራውን አንድ ጊዜ ወዝውዞ በአማርኛ ተነሣ። «እኛ የመጣነው ለነቀፋ አይደለም። ቤታችሁ የተከበረ ቤት ነው። ለክብር ነው የመጣነው።» ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «ወንድሜ፣ ታላቂቱ ቆማ ሳለች ታናሺቱ ትጠየቃለች? ነውር አይደለም?»

«እውነት ነው።»

«አያ ደሴ፣ መኪና እኮ ነው» አልኩት በጆሮው።

«መኪናም ቢሆን ቤት ነው የሚገባው» አለኝ በአደባባይ ድምፅ። ቀጥሎ መዳፉን በትልቋ መኪና ግንባር ላይ አሳርፎ፣ በዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጦ ካተረፋቸው ቃላት ለዕለቱ የሚሆኑትን ሁለቱን አወጣ። «ጋዶል! ያፌ!» ትልቅ! ቆንጆ!

አቪ አማርኛ አያውቅም። ይህን ለመስማት ግን አማርኛ አያስፈልግም። እኔ ስለ ማርሹ ድምፅ ሳወራ ከኋላዬ «ያፌ!»፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታዋ ሳወራ «ያፌ!» ቀስ ብሎ ሻጩ ከኔ ዞሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገር ጀመረ፤ ቡና አስመጣላቸው፤ አያ ደሴ መረቀው። ከስድሳ ስድስት ሺው አንዲት ሼቄል አልወረደችም። እንዴት ትውረድ? ሲያሞግሷት እየሰማች!

«ተዉ» ማለት እችል ነበር ትሉኛላችሁ። ለምኜ ያመጣኋቸውን፣ ነጭ ያስለበስኳቸውን ሽማግሌዎች በባዕድ ፊት ቃላቸውን ላጥፍ? ጆንያ መሸከም ችያለሁ፤ እሱን ግን አልችለውም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ባለ ላስቲኩ ጎረቤቴ ያለው ባለ አምስት ወንበር ነው። ፈረምኩ። የጎደለውን ስድስት ሺህ ባንኩ በሚኑስ፣ በዕዳ ማለት ነው፣ ጻፈብኝ፤ በወለድ።

ጥሩነሽ መኪናዋን ከፎቅ አየችና እልል አለች። በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ካጠገቤ ልትቀመጥ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ የነታንያ ሰርግ መጣ። እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን፤ ዘመድ ሆነው የተገኙ ልጆች አይጋቡም። ይኼ ቆጠራ ለመኪናም እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ልዩነቱ፣ ለጋብቻ ሲሆን ሰው ዘመድ ሆኖ እንዳይገኝ ይጸልያል፤ ለወንበር ሲሆን ግን ከስድስተኛውም ቤት ቢሆን ፈልጎ ያመጣዋል። አያ ደሴ ከፊት ተቀመጠ፤ የጠየቃት እሱ ነዋ። ሚስቱ፣ አያ ቢተው፣ የአያ ቢተው ሚስት፣ እኅቷ፣ ደግሞም የእናቴን አያት ስም ከኔ በተሻለ የሚያውቁ አንድ አዛውንት። ከኔ ጋር ሰባት።

ጥሩነሽ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከደረጃው ሥር ቆማለች። እንግዳ ከተቀመጠበት ተነሥ አይባልም፤ እሷም አትልም። ፈገግ ብላ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እደርሳለሁ» አለችና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አመራች። ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም።

እኛ ሁለት ጊዜ ለሽንት፣ አንድ ጊዜ ለትውከት ቆምን። አዳራሹ ስንደርስ ጥሩነሽ ተቀምጣ፣ በልታ፣ ከሙሽራዋ እናት ጋር ትሥቃለች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይህን ይመስላል። መኪናዋ ከእሑድ እስከ ኀሙስ ዘመድ ትጭናለች፤ ወንበሯ ሰው ተቀምጦበት ስለማይታጠፍ ጤፉን በኪራይ መኪና እልካለሁ። ዱቄቴ በኪራይ፣ ሚስቴ በአውቶቡስ፣ መኪናዬ በሽማግሌ።

ባለፈው ወር ለሌላ ሰርግ ወታደሩ ልጄ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ቁልፉን ሰጠሁት፤ ሽማግሌዎቹን አስረከብኩትና በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ። ጥሩነሽን አውቶቡሱ ላይ ደረስኩባት። ካጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ወደ ውጭ እያየች፣

«በርበሬውንስ ለማን ተዉት?» አለችኝ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ስድሳ ስድስት ሺህ ሼቄል ለሰባት ወንበር፤ አንዱም የጥሩነሽ አልሆነም። ያቺን ትንሿን ባለመግዛቴ አሥራ ስድስት ሺህ፤ የባንኩ ወለድና የጤፉ ኪራይ ገና ይቀጥላሉ። በትርፍ በኩል የአያ ደሴ ምርቃት፣ የጎረቤቴም ዝምታ። ከሚስቴ ጎን የተቀመጥኩበት ወንበር ግን የአውቶቡስ ትኬት ዋጋ ነው፤ ያውም በጡረተኛ ቅናሽ፣ በግማሽ ዋጋ። በሕይወቴ እንዲህ ረክሶልኝ የገዛሁት ነገር የለም።

መስኮቱን ግን እሷ ይዛዋለች። ለዋጋ ክርክርም አልቀረበም።