የፍስሐ ገነቱ ኮምፒውተርና የጋሽ ዶሪ ተረት

በራሱ የሚሠራ ነገር ያኮራናል። ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ የውኃ ታንከር ያስገባ ጎረቤት ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓሮ ይዞ ሄዶ ያሳያል። ውኃው ሞልቶ ግቢውን ያጥለቀለቀው ዕለት ግን ታንከሩን አይጠረጥርም። ቧንቧውን የነካ ሰው ይፈልጋል። የሚወቀስ ሰው እያለ ማሽን ማን ይወቅሳል?

እኛም እንዲህ የምንኮራባት ነገር ነበረችን። ኢንተርኔት ዲላን በቅጡ ሳያውቃት፣ የኮምፒውተር ፍቅር የያዘን ጥቂት ሰዎች በጌዴኦ ከተሞች፣ ዲላ፣ ፍስሐ ገነትና ገደብ ያሉ ማሽኖቻችንን በስልክ መስመር አገናኝተን "ሰሌዳ" አልናት። ሁሉም የጻፈውን በየቤቱ ይለጥፋል፤ ዓርብ ማታ ማሽኖቹ ተደዋውለው የጎደላቸውን ይሞላላሉ። ሕጓ አጭር ናት፦ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፋይሎች ከተገናኙ፣ ቀኑ አዲስ የሆነው አሮጌውን ይተካል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአባቴ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ተቀምጬ።

የፍስሐ ገነቱ ማሽን ባለቤት መምህር በራሶ ነው። የጌዴኦ ተረቶችን ከአጎቱ ከጋሽ ዶሪ አፍ እየለቀመ በጌዴኦኛም በአማርኛም ይጽፋል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተረቶች በዲስኬት አምጥቶልኝ በእኔ ማሽን ለጠፍኩለት። ከዚያ ወዲያ እቤቱ ሆኖ እዚያው ፋይል ላይ የሚጨምረው ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት የለም። ፋይሉ ተመልሶ ያው ዲላ የተለጠፈው ብቻ ይሆናል።

ደወለልኝ። "ሴቭ ሳታደርገው ቀርተህ ነው" አልኩት፣ በሙሉ ልብ። በሳምንቱም ይህንኑ ደገምኩለት። ሦስተኛ ሲደውል ድምፁ ቀዝቅዟል።

"የገደቡ ሰውዬ የሚለጥፈው መዝሙር አይጠፋም። ያንቺ የሱቅ ማስታወቂያ አይጠፋም። የጌዴኦ ተረት ብቻ ነው እየተመረጠ የሚጠፋው። እናንተ የዲላ ሰዎች ካልፈለጋችሁት በአፋችሁ ንገሩኝ።"

ዘጋው። እኔ ዲላ ተወልጄ፣ ዲላ አድጌ ጌዴኦኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ነገሩ ማሽኑን አልፎ እኔ ላይ አረፈ። ጋሽ ዶሪም አርጅተዋል፤ የጠፋውን ደግመው ይነግሩት እንደሆነ ማን ያውቃል? ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ፍስሐ ገነት ወረድኩ።

ማሽኑን ፈተሽኩት። መስመሩ ደህና፣ ዲስኩ ደህና። በመጨረሻ ዓይኔ ቀኑ ላይ አረፈ።

"መምህር፣ ይኼን ዓመት ማን ሞላው?"

"እኔ ነኛ።"

"ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው እኮ።"

"ከማን ወደ ኋላ?" ወደ ግድግዳው ካላንደር ጠቆመኝ። "ማሽኑ ዓመቱን ጠየቀኝ፤ ያለንበትን ነገርኩት። ልዋሸው?"

የእኔ ማሽን የፈረንጁን አቆጣጠር ይዟል፤ ስለዚህ ትናንት የጻፈው ተረት እኔ ዘንድ ሲደርስ የሰባት ዓመት አሮጌ ነው። ሕጌም አሮጌ አይወድም። በሰሌዳዋ ላይ ካሉት ማሽኖች ሁሉ የአገሩን ቀን በትክክል የተናገረው የእሱ ብቻ ነበር። የተቀጣውም እሱ።

"ለማሽኑ የፈረንጁን ንገረው፤ ግድግዳህ ላይ የራስህን ቁጠር" አልኩት። ቀኑን አስተካከልን። የጠፋው ግን ጠፍቷል። ይቅርታዬን ይዤ አብሬው ጋሽ ዶሪ ዘንድ ሄድኩ። ከእንሰቱ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። በራሶ ጆሯቸው ሥር ጮክ ብሎ የሆነውን ነገራቸውና መልሳቸውን ለእኔ ተረጎመ።

"ይጥፋ! መምህር ነህ፣ ደግሞም ልትጽፈው ነው ብዬ ጨዋ ጨዋውን ነበር የነገርኩህ። የፊተኞቹንም ቢሆን። ና ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ከጅቡ ጀምረው አንድ በአንድ ደገሙለት። በራሶ እየጻፈ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ተርጉምልኝ ስለው፣ "ቆይ፣ ስታነቢው ይሻላል፤ አሁን ዓይንሽን ማየት አልችልም" አለኝ።

ዓርብ ማሽኖቹ ተደዋወሉ። አዲሱ ፋይል ያለ አንድ ችግር አሮጌውን ተክቶ ዲላም ገደብም ገባ። ቅዳሜ ማለዳ የገደቡ ማሽን ባለቤት፣ የመዘምራን መሪው ወንድም ታደለ ደወለልኝ።

"እህቴ፣ ሰሌዳሽ ተበላሽታለች። ተረቶቹ ውስጥ ብልግና ገብቷል። የቀድሞውን መልሺልን።"

"ሰሌዳዋስ ገና አሁን ዳነች" አልኩት። "ለመሆኑ እስከ መጨረሻው አነበብከው?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለማረጋገጥ ያህል፣ ሁለት ጊዜ።"