ቁርጡን የምትጠይቀው የሚቲላ እናት

የሚቲላ እናት ወዳጃቸው ናት ወይስ ባላንጣቸው? መምህር ሞታሌብ ይህን ጥያቄ ለራሳቸው ያላነሱበት ሳምንት የለም፤ መልሱን ግን አላገኙትም። ዕድሜ ልካቸውን ለልጆች ጥያቄ ሲያወጡና ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህች ሴት ግን ለማረም አልተመቸቻቸውም።

ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ የወረርሽኝ ዘመን እንዲህ ያለች እናት በየሰፈሩ አንድ አንድ ነበረች። ያልነበረችበት ሰፈር ካለ ልጅ የማይወለድበት ሰፈር መሆን አለበት። ሌሎቹ እናቶች መጀመሪያ ያማርራሉ፣ ቀጥሎ ያለቅሳሉ፣ በመጨረሻም ይለምዱታል። እሷ አትለምድም። ማጽናኛ አትፈልግም፤ ምክንያትም አትፈልግም። የምትፈልገው ቁርጡን ብቻ ነው።

የማይመንሲንግ ከተማዋ ክብርት ሻምሱናሃር የእነዚህ ሁሉ እናቶች አለቃ ልትባል ይገባታል። ሻምሱናሃር መባሏን እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በሺውሊ ትምህርት ቤት በር ላይ እናት ሁሉ የምትጠራው በልጇ ስም ስለሆነ እሷም የሚቲላ እናት ናት።

ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት የሺውሊ እናቶች ልጆቻቸውን አስገብተው ወደ ቤት አይመለሱም ነበር። በአጥሩ ሥር አሮጌ ጋዜጣ አንጥፈው እስከ መውጫ ሰዓት ይቀመጣሉ። ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ የዘይቱን ፍሬ በሚጥሚጣ ይበላሉ፣ የሰው ልጅ ይድራሉ፣ ዳይሬክተሩን ያማሉ። መምህር ሞታሌብም ፎቅ ላይ ካለው ቢሯቸው መስኮት አጠገብ ሆነው ስለ ራሳቸው ያላወቁትን ሁሉ ይሰሙ ነበር።

ከዚያ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት ነው ተባለ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ከቴሌቪዥኑ ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ «ተራዘመ» የምትለውን ቃል ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው አድርሶ ሳይጨርስ የመምህር ሞታሌብ ስልክ ይጮሃል።

«መምህር፣ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«የሚቲላ እናት፣ እኔም እንዳንቺው ከቴሌቪዥን ነው የሰማሁት።»

«ዳይሬክተር ነዎት እኮ!»

«የሺውሊ ዳይሬክተር ነኝ፤ የአገሩ አይደለሁም።»

«ታዲያ የአገሩን ይጠይቁልኛ!»

የበሬ ገበያው ለበዓል ሲከፈት ደግሞ አዲስ ክርክር ይዛ መጣች። «ሺህ ሰውና ሺህ በሬ ተጋፍቶ ሲውል ቫይረሱ የለም፤ የእኔ ልጅ ፊደል ልትቆጥር ስትል ከየት ነው የሚመጣው?» መምህር ሞታሌብ ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ለማስረዳት ሞከሩ። «ግድ የለም፣» አለቻቸው፤ «በሬ አድርጌ እልካታለሁ።»

ይህን ሁሉ የምታደርገው ለጭቅጭቅ ፍቅር አልነበረም። ባሏ ዴልዋር ዶሃ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። እሷ ከገጠር ወጥታ በከተማው አንዲት ክፍል የተከራየችው ሚቲላ ሺውሊ እንድትማር ብቻ ነው። ባልየው በስልክ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለው፤ «ትምህርት ቤት ከሌለ ከተማ ምን ትሠሪያለሽ? ክፍሉን ልቀቂና ለጊዜው እናቴ ዘንድ ግቢ።»

«ለጊዜው» የሚለው ቃል ነው የሚያስፈራት። አምስተኛ ክፍል ሳለች ጎርፍ መጥቶ አባቷ ከትምህርት ቤት ለጊዜው አስቀርተዋት ነበር። ውኃው ጎደለ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ጊዜው ግን አላለቀም፤ ድስት ሥር ትቷት ሄደ። ይህን ለመምህር ሞታሌብ የነገረቻቸው አንድ ቀን ብቻ፣ በቁጣ መሐል፣ እንደ ዋዛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ መምህሩ ስልኳን ሳያነሱ ቀርተው አያውቁም፤ ከማንሳታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ይተነፍሳሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪ ሁሉ ያለ ፈተና አለፈ። ሚቲላም አንደኛ ክፍልን ቤቷ ተቀምጣ ጨርሳ ሁለተኛ ክፍል ገባች። በማግስቱ እናቷ እጇን ይዛ የመምህሩን ቤት አንኳኳች።

«መምህር፣ ይህቺ ልጅ አላለፈችም።»

«አልፋለች። ሁሉም አልፏል። መንግሥት ነው ያሳለፈው።»

«መንግሥት መቀነስ ጠይቋታል? እኔ ጠይቄያታለሁ። ሚቲላ፣ ከአሥራ ሁለት ላይ ዘጠኝ ሲቀነስ?»

ሚቲላ ጣቶቿን ዘርግታ ቆጠረች፤ ጣሪያውን አየች፤ እንደገና ቆጠረች። «ጣቴ አለቀ፣» አለች።

«አዩ? እንግዲህ ይመልሱልኝ።»

«ምኑን?»

«ማለፏን።»

ልጄን አሳልፉልኝ ብሎ የለመነ ወላጅ መምህሩ ቆጥረው አይዘልቁትም። ልጄን ጣሉልኝ ብሎ የመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ታረቁ፤ ሚቲላ በወረቀት ሁለተኛ ክፍል ትሁን፣ በቤት አንደኛ ክፍል ትቆይ፣ መምህሩም በየምሽቱ በስልክ መቀነስ ይጠይቋት ተባለ። ይህ የመጨረሻው እንዴት እንደተጨመረ መምህር ሞታሌብ ዛሬም አይገባቸውም። ጥያቄውን ግን አንድ ምሽት አላስተጓጎሉም።

ሳምንቱ በሚጀምርበት በአንዱ እሑድ ጠዋት ደግሞ ጋዜጣዋን ይዛ መጥታ በተዘጋው በር ፊት አንጥፋ ተቀመጠች። መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው?» አሏት። «ቤቴ ሆኜ ከምናደድ እዚሁ ልናደድ ብዬ ነው፣» አለች። በሳምንቱ የታኒም እናት ከጎኗ ተቀመጠች። በወሩ ያ የድሮው የአጥር ሥር ጉባኤ፣ የአፍ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ጎመኑን እየቀነጠሰ ነበር። የጎደለው ልጆቹ ብቻ ናቸው።

አንድ ወጣት ፖሊስ የእንቅስቃሴ ገደቡን ሊያስከብር ዱላውን እያወዛወዘ መጣ።

«ምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም። ልጆቻችንን እየጠበቅን ነው፣» አለች የሚቲላ እናት።

«ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው እኮ!»

«እሱንማ እናውቃለን። መቼ ነው የሚከፈተው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«የመንግሥት ልብስ ስለለበሱ ነው የጠየቅኩዎ። አለቃዎን ይጠይቁልን። ሂሳብ ከሌለዎት ይኸው በእኔ ስልክ ይደውሉ።»

«ተዪው እስቲ፣ ልጁ ላብ አጠመቀው፣» አለች የታኒም እናት። «ና የእኔ ጌታ፣ ዘይቱን ብላ።»

ፖሊሱ ተራርቀው እንዲቀመጡ አዝዞ ሄደ፤ ዘይቱኑን ግን ይዟል። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አላለፈም። መምህር ሞታሌብም ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው እንደ ድሮው ሐሜታቸውን አዳመጡ። እንደናፈቃቸው ለማንም አልተናገሩም።

ሁለተኛው ክረምት ሲመጣ የወላጆች ክፍያ ደርቆ የመምህሩ ወገብ ተቆረጠ። ከአስተማሪዎቻቸው አንዱ የአትክልት ጋሪ ይገፋል፤ ሌላዋ አገሯ ገብታለች። ትምህርት ቤቱ የተከራየው ቤት ባለቤት ሐጂ ኩዱስም የዶሮ መኖ ነጋዴ ይዘው መጥተው ክፍሎቹን በእርምጃ ሲለኩ ዋሉ።

«ሞታሌብ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። ቤት ግን ሰው ካልገባበት ይታመማል። መቼ ነው የምትከፍተው?»

መምህሩ እንደማያውቁ ተናገሩ። ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። በወሩ መጨረሻ ቤቱ ሊለቀቅ ተስማሙ።

በዚያው ቀን ስልኩ ጮኸ። መምህሩ እንደ ልማዳቸው አንድ ጊዜ ተነፈሱ።

«ቁርጡን ልንገርሽ፣ የሚቲላ እናት። ሺውሊ ከእንግዲህ አይከፈትም።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሳትጨቃጨቅ ስልክ ስትዘጋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ መምህር ሞታሌብም ያን ዕለት ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራቸው።

በማግስቱ ጠዋት የአጥር ሥር ጉባኤው በሙሉ መጥረጊያና ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። እሷ ከፊት ናት። መምህሩ በሩን ከፈቱላቸው። ሴቶቹ የሸረሪት ድር ሲያወርዱ፣ አግዳሚ ወንበር ሲያጥቡ፣ ሐጂ ኩዱስ ነጋዴያቸውን አስከትለው ደረሱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሐጂ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። የዛሬ ወር፣ እሑድ፣» አለች የሚቲላ እናት።

«ማን አለ?»

«ተቆርጧል።»

«ቴሌቪዥኑ ምንም አላለም እኮ!»

«ቴሌቪዥኑ የትኛውን ቀን ተናግሮ ደርሷል?»

ለሐጂ የመልስ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። «እዚህ ክፍል ያልተማረ የልጅ ልጅ አለዎት? ነገ የዶሮ መኖ ቤት ነው የተማርነው ይበሉ?» ነጋዴው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሐጂ ጢማቸውን ጎትተው ጎትተው፣ እስከዚያች እሑድ ብቻ እንደሚታገሡ ተናገሩ።

እንደሄዱ መምህሩ ወደ ጥግ ወሰዷት። «ማን ነው የነገረሽ?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ዴልዋር ትናንት ቁርጡን ጠየቀኝ። አንድ ሰው እንኳ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገር ብዬ ቀን ቆርጬ ነገርኩት።»

«ባይከፈትስ?»

«እርስዎ ደግሞ ጥያቄ ያበዛሉ፣» ብላ ወደ መጥረጓ ተመለሰች።

እሑዱ ደረሰ። አልተከፈተም። ስልኩ ጮኸ።

«መምህር፣ ተራዝሟል።»

«ማን አራዘመው?»

«እኔ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁለት ሳምንት። ለጥንቃቄ ሲባል።»

መምህር ሞታሌብ ከረጅም ጊዜ በኋላ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ አሁን ገባሽ?»

«ገባኝ። እነሱ ግን ይተኛሉ፣» አለች።

ያኔ ሳቃቸው ቆመ። ሐጂ እየተራገሙ ሁለቱን ሳምንት ፈቀዱ። ዴልዋር ግን ከእንግዲህ ማራዘም እንደማይሰማ፣ ካልተከፈተ ሻንጣዋን እንድታሰናዳ ነግሯት ነበር። ሚቲላ በምሽቱ የመቀነስ ጥያቄ መሐል «እማዬ አትተኛም፤ ግድግዳውን ነው የምታየው፣» አለቻቸው። መምህሩ ሌላ ቁጥር ጠየቋት። በእነዚያ ቀናት ቴሌቪዥናቸውን አላጠፉም፤ ያ የሚሮጥ ጽሑፍ ሲያልፍም ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሁለቱ ሳምንት ሊያልቅ ሲል ጽሑፉ ሌላ ቃል ይዞ መጣ። ይከፈታል! ቀኑም ተነገረ። ይህን ጊዜ ቀድመው የደወሉት መምህር ሞታሌብ ናቸው።

«የሚቲላ እናት! ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ከእኔ ቀን በአንድ ሳምንት ዘገዩ፣» አለች። አፍንጫዋን ስትጠርግ በስልኩ ተሰማ። «ዴልዋርም እሺ ብሏል፤ ለመንግሥቱ አንድ ሳምንት ሰጥቶታል። በየቀኑ ነው የሚማሩት?»

«ለጊዜው ትንንሾቹ በሳምንት አንድ ቀን ነው።»

«ሌላው ቀንስ?»

«የሚቲላ እናት!»

«እሺ፣ እሺ። ዛሬ አልጨቃጨቅም። ነገ እደውላለሁ።»

በመክፈቻው ቀን ልጆቹ ቁመታቸው ጨምሮ፣ ዩኒፎርማቸው አጥሮ መጡ። የሚቲላ ቀሚስ ጫፍ በሌላ ቀለም ጨርቅ ተቀጥሏል። በሩ ላይ እጃቸውን ታጠቡ፤ ትኩሳታቸው ተለካ። ወላጅ ከበር አያልፍም የሚል ትእዛዝም ተለጥፏል። ሚቲላ ግን የእናቷን የአንገት ልብስ ጨብጣ አልለቅም አለች። ለወራት ስለ ትምህርት ቤት ስትሰማ የኖረች ልጅ ትምህርት ቤቱን ስታየው ፈራችው።

መምህር ሞታሌብ ትእዛዙን አዩት፤ እናቲቱንም አዩዋት። ዓይኖቿ ቀልተው ከሥራቸው ጠቁረዋል። «ግቢ፣» አሏት። «እስክትለምድ ብቻ።»

ገብታ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። አስተማሪ ስላልተሟላ ሁለተኛ ክፍልን ያን ዕለት ራሳቸው መምህሩ ነበሩ የያዙት። ስም መጥራት ጀመሩ። «አለሁ!» የሚል ይጮሃል፤ አንዳንዱ ስም ግን ሲጠራ ክፍሉ ዝም ይላል። አንደኛው ገጠር ገብቷል፤ አንዷ እህቷ የምትሠራበት ጨርቅ ፋብሪካ ሰፈር ሄዳለች ተባለ፤ ስለ አንዱ ግን ማንም የሚያውቅ የለም። መምህሩ ዝም ባሉት ስሞች ላይ ጥቂት እየቆዩ አለፉ። ሚቲላ ስትጠራ የእናቷን የአንገት ልብስ ለቃ ብድግ አለች፤ «አለሁ!» ያለችውም የጎዳናው ሪክሾ ነጂ ዘወር ብሎ እስኪያይ ነው።

እናትየው ምን እንዳለች ለማየት መምህሩ ቀና አሉ። ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታለች፤ እንቅልፍ ጥሏት ትከሻዋ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። መዝገባቸውን ያለ ድምፅ ዘጉ፤ በሩን ገርበብ አደረጉ፤ ትምህርቱንም በሹክሹክታ ጀመሩ፤ ልጆቹም በሹክሹክታ ተከተሏቸው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።