ጣርማ በር የቀረው እጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደሎቼ ዶሮ የጫረችው ዐመድ ይመስላሉ። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም አስተማሪዬ አስረድተው ሳይጨርሱ ጣልያን መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አራተኛ ክፍልን ጨርሰሻል የተባልኩት የሚፈትነኝ ሰው ስለጠፋ ይመስለኛል። ሰው ፊት መናገር ደግሞ አይሆንልኝም፤ ዓይን ሲያርፍብኝ ምላሴ ይታሰራል። ወረቀት ግን ዓይን የለውም። እናንተም አታዩኝም። ስለዚህ ትንሽ ላውራችሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በጨለማ እራት በልታችሁ ታውቃላችሁ? ኩራዙ ላምባ ሲያልቅበት ማለቴ ነው። እጃችሁ ወጡን ያገኘዋል፣ ይጠቀልላል፣ ወደ አፋችሁም ይወስዳል። ተሳስቶ ጆሮውን ያጎረሰ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ዓይን ሳያይ እጅ አፍ ያለበትን በምን ያውቃል? ለቅሶ ቤት እግራችሁን አጥፋችሁ ብዙ ስትቀመጡስ? ልትነሡ ስትሉ እግሩ የለም። ታዩታላችሁ፣ ትነኩታላችሁ፣ ግን የጎረቤት እግር ነው። ቆይቶ ጉንዳን ይወርረውና «መጣሁ» ይላል። የት ሄዶ ነበር?

እንዲህ ያለውን ነገር እያሰብኩ የምውል ልጅ አልነበርኩም። አሳቢ ያደረገኝ የአባቴ እጅ ነው። ያውም የሌለው እጅ።

ቤታችን ሸዋ ሮቢት ነው፤ ጥላ ሥር ያለ ድንጋይ እንኳ የሚያልበው አገር። ጣልያን መንገድ መሥራት ሲጀምር ከቆላውም ከደጋውም ወንድ እየለቀመ የጣርማ በርን ተራራ ያስበሳ ነበር። አባቴ አቶ ተክሌም ማሽላቸውን ለወፍ ትተው ተወሰዱ። «ደግሞ ተራራ ይበሳል?» ብለው እየሳቁ ነበር የሄዱት። ተራራው ተበሳ። የአባቴም ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ በድማሚት ሄደ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ ወዳጃቸው እጁን አንሥቶ፣ ከዋሻው አፍ ወረድ ብሎ ካለ አንድ ለብቻው የቆመ፣ ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ሥር ቀበረውና ድንጋይ አቆመበት። ቦታውን ለአባቴ ነገራቸው፤ ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ አርበኞቹን ተከትሎ ዱር ገባ።

ቁስሉ ደህና ሆኖ ደረቀ። ጉዱ የመጣው ከዳነ በኋላ ነው። አባቴን የሌለው እጃቸው ይበርዳቸው ጀመር። በሮቢት ሙቀት! እኛ ጥላ ፍለጋ እንደ እንሽላሊት ግድግዳ ላይ ስንለጠፍ እሳቸው የቀረውን ክንዳቸውን በጋቢ ይጠቀልላሉ። ብርዱስ በተቻለ፤ እጁ ጨበጠ። «ጨብጦ አልፈታ አለኝ፤ ጥፍሬ መዳፌን እየበሳው ነው» ይላሉ። ጥፍር የት አለና ብሎ መከራከር ምን ዋጋ አለው? ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ውሸት አያልብም። እናቴን «እባክሽ ክፈችልኝ» ሲሏት ከክንዳቸው ጫፍ ያለውን አየር በሁለት እጇ ይዛ ጣት በጣት ለመፍታት ትሞክራለች።

«አሁንስ?»

«ሌላ ጣት ነው የያዝሽው!»

«አንቱ ሰውዬ፣ የትኛው እንደሆነ በምን ልየው?»

ሳቅ ይመጣብናል። ግን አንስቅም።

አንድ ቀን ጠዋት አባባን ከጓሮ መጥረቢያ ሲስሉ አገኘኋቸው። ሞረዱን በግራ እጃቸው ይዘው፣ መጥረቢያውን በጉልበታቸው አጣብቀው። «ከክርኔ ላይ ባወርደው ይተወኝ ይሆናል» አሉኝ፤ ቅርንጫፍ ስለ መከርከም እንደሚያወራ ሰው። እየሮጥኩ ለእናቴ ነገርኳት። መጥረቢያውን ወስዳ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ቤት ደበቀችው። ማጭዱንም። ቢላዋውንም። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት የምንከትፈው እትዬ ዘሀራ ቤት እየሄድን ሆነ። ቢሆንም እንቅልፍ አልነበረንም፤ ቢላዋ የሌለው የእኛ ቤት ብቻ ነዋ። አባቴ ትንሽ በቆዩ ቁጥር እናቴ በዓይኗ «ሂጂና እዪ» ትለኛለች። እኔም እሄዳለሁ። ሄጄ ደም አያለሁ ብዬ እየፈራሁ ጥግ ላይ ቆሜ፣ መጀመሪያ የማየው እግራቸውን ነው።

በመንገድ ሠራተኞቹ ሐኪም ቤት የሚያስታምም አንድ የአስመራ ሰው ነበርና አባቴን ይዘን ሄድን። የቀረውን ክንዳቸውን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገና «ምን ተሰማዎት?» አላቸው።

«አውራ ጣቴን ለምን ትወጋኛለህ?» አሉት።

እናቴ አማተበች። ሰውየው ግን አልገረመውም። በሰው ገላ ውስጥ ነርቭ የሚባል እንደ ስልክ ሽቦ የቀጠነ ገመድ አለ አለን። ከጣት ተነሥቶ በክንድ በኩል ወደ ጀርባ አጥንት ይገባል፣ ከዚያም ወደ ጭንቅላት ይወጣል። መነካትን፣ መቃጠልን፣ ጣት ታጥፎ እንደሆነ ወይም ተዘርግቶ እንደሆነ ሳይቀር ለጭንቅላት የሚያወራው እሱ ነው። ለካ እጅ በጨለማ አፍን የሚያገኘው በዚህ ነው! ታዲያ ሽቦው መሐል ላይ ሲቆረጥ ጫፉ ዝም አይልም፤ ይንጫጫል። ጭንቅላትም የሚያውቀው የድሮውን አድራሻ ነውና «ከእጅ ነው የተደወለው» ይላል። ይህ ወዲያው ገባኝ። አርበኞች የስልክ ሽቦ በቆረጡ ማግስት የጣልያኑ ስልከኛ «ፕሮንቶ! ፕሮንቶ!» እያለ ከባዶ ሽቦ ጋር ሲጨቃጨቅ እንሰማለን።

«መድኃኒቱስ?» አለች እናቴ።

«የለውም። ጭንቅላታቸው እስኪረሳው መጠበቅ ነው።»

«የኔ ባል? የጎረቤት በግ ማሽላውን የበላችበትን ቀን እስከ ዛሬ ያልረሳ ሰው?»

እትዬ ዘሀራ ጥጥ ነጋዴ ናቸው። አንድ ነገር ሲነግሯቸው ጥጥ እንደሚያዳውር ሰው ጫፉን ፈልገው ካላገኙ አይለቁም። ስለ ነርቩ ሰምተው ሲያበቁ «እሱስ ይሁን፤ ግን እጁን እንዴት አድርገው ነው የቀበሩት?» አሉ። ሁላችንም ተያየን። የሚያውቀው ሰው ዱር ነው ያለው።

«ወላሂ እንደ ጨበጠ ነው የቀበሩት! በእኛ ዘንድ የሰው አካል እንደ ግንድ አይጣልም። ይታጠባል፣ ይዘረጋል፣ ቢስሚላህ ተብሎ ይቀበራል። ያ እጅ በዚያ ብርድ እንደ ጨበጠ ነው፤ አያ ተክሌ እዚህ ሆነው የሚሰሙት እሱን ነው። ሂዱና ክፈቱት!»

የአባቴ ፊት በራ። የነርቩ ሰው ጠብቁ አለን፤ እትዬ ዘሀራ ሂዱ አሉን። የተጨነቀ ሰው ደግሞ ከሚያስጠብቀው እውነት ይልቅ የሚያስኬደውን ይወዳል። አባቴ ያን ቀን እጃቸው እስኪከፈት ድረስ መጥረቢያ ላለመንካት ቃል ገቡልን። እስኪከፈት ድረስ ብቻ።

ማን ይሂድ? ወንድ መንገድ ላይ ከተገኘ ወይ ለሥራ ይታፈሳል፣ ወይ አርበኛ ነህ ይባላል። እናቴ በቃላቸው አልተማመነችምና አባቴን ትታ መሄድ ፈራች። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የተማርኩት ደብረ ሲና አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስለሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ። ደግሞስ እኔን ማን ያየኛል? ዝም ያለች ሴት ልጅና ጉም አንድ ናቸው። ሎሚ በቅርጫት ሞሉልኝና ሎሚ ሻጭ ተባልኩ። ከነጋዴዎች አህያ ኋላ ያን ሁሉ ዳገት ስወጣ የሚያስጨንቀኝ «ስንት ነው?» ቢሉኝ ምን እንደምል ነበር። የሰው እጅ ልቆፍር እየሄድኩ እንደሆነ የገባኝ አክስቴ ቤት ደርሼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከመንገድ ዳር ሻጮች ጋር ወደ ጣርማ በር ወጣሁ። ዶማ መያዝ አይታሰብም፤ መንገዱ አጠገብ ሲቆፍር የተገኘ ሰው ፈንጂ ሊቀብር ነው ተብሎ ይሰቀላል። «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሲውጠው ከሻጮቹ ተነጥዬ ቁልቁል ወረድኩ። ጅብራውን አገኘሁት። ድንጋዩንም። ከበላዬ የሠራተኞች ሳል፣ የአካፋ ድምፅ፣ በጣልያንኛ የሚሳደብ ሰው ይሰማኛል፤ ቅርብ ይሁን ሩቅ ጉሙ አይናገርም። ተንበርክኬ ቆፈርኩ። የቆላ ልጅ ነኝ። ጣቶቼ መጀመሪያ ቀዘቀዙ፣ ቀጥለው አቃጠሉኝ፣ ከዚያ ጠፉ። ጨርቅ አየሁና ሳብ አድርጌ ፈታሁት። ከፊቴ ጣቶች አሉ፤ ጠቁረዋል፣ አፈር ለብሰዋል። የእኔም ጠቁረዋል፣ አፈር ለብሰዋል። የትኛው የእኔ እንደሆነ ለማወቅ ማንቀሳቀስ ነበረብኝ። ያልተንቀሳቀሰው የአባቴ ነው።

«ማን ነው እዚያ?»

ጨርቁን ጠቅልዬ ከሎሚው ሥር ወሸቅኩት። አንድ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለውኃ ሽንት ነው ጋሼ» አልኩና በእውነት አፈርኩ። ማፈሬ ጠቀመኝ፤ ሳቀ። ከዚያ ሳይጠይቀኝ እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ሰደደ። ሻል ያለ ሎሚ ፍለጋ ወደ ታች ገባ፣ ገባ፣ ቆመ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

በጨርቁ ላይ ሆኖ የአባቴን ጣቶች ይዟል፤ ልክ ሰላም እንደሚል ሰው።

«ዝንጅብል» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

የእሱም ጣት እንደ እኔው ደንዝዞ ኖሯል። «ዝንጅብል! የዚህ ብርድ መድኃኒቱ እሱ አይደል? በይ አንዷን ስበሪልኝ።»

«የካፒታኖው ትእዛዝ ነው ጋሼ።»

እሳት እንደነካው ሰው እጁን መነጨቀ። አያችሁ? የሰው እጅ ጨብጦ ያልተሰማው ሰው የአለቃው ስም ሲጠራ እስከ አጥንቱ ተሰማው። ነርቭ ሁሉ ከጣት አይነሣም ማለት ነው። ሎሚ በእፍኙ ዘግኖ ሄደ። ዋጋ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ለዚያስ በልቤ አመሰገንኩት።

ኮቴው እስኪጠፋ ጠብቄ ጨርቁን ወደ ቦታው መለስኩ። አፈሩን አለበስኩ፣ ድንጋዩን አቆምኩ። እንደ እትዬ ዘሀራ ቢስሚላህ ልበል ወይስ እንደ ቤታችን በስመ አብ ግራ ገባኝና ሁለቱንም አልኩ። የሮቢት ሙቀት ፊቴን እስኪመታኝ ድረስ ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ሳላይ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ አባባ ደጅ ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው ጋቢ አልለበሰም። ውኃ እንኳ ሳልጠጣ «ከየትኛው ጣት ጀመርሽ?» አሉኝ።

«ከትንሿ» አልኩ።

«አላልኳችሁም!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ቀድማ የላላችው ትንሿ ናት! አንቺ በወጣሽ ዕለት፣ ልክ ጀምበር ስትጠልቅ። ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ ተፈቱ። እንደ ሕፃን ተኛሁ።»

በወጣሁ ዕለት፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ እኔ ደብረ ሲና አክስቴ ቤት ያበጠ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነበር። እናቴ ደስታዋ በዝቶ አላሰላችውም። እትዬ ዘሀራ ግን ዓይኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። «ልብ ያሰበው ከእግር ቀድሞ ይደርሳል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ጥጣቸውን ማዳወር ቀጠሉ። ጫፉን አግኝተው ይሁን ትተውት አላወቅሁም።

መጥረቢያው ተመለሰ። ሽንኩርታችንንም በቤታችን እንከትፋለን። የማልተኛው እኔ ብቻ ነኝ። አባባ የክንዳቸውን ጫፍ ባሹ ቁጥር «ምነው አባባ?» እላለሁ። «ምንም፤ ዝርግት ብሏል» ይሉኛል። አንድ ቀን ሌላ መልስ ቢሰጡኝስ? ማመን የፈታውን እጅ አለማመን መልሶ ቢያስጨብጠውስ? አስታማሚውን እንዳልጠይቅ ሰው ፊት መናገር አልችልም። እትዬ ዘሀራን እንዳልጠይቅ ይመልሱልኛል ብዬ እፈራለሁ።

አባቴ ፊደል አይቆጥሩም፤ ለዚህ ነው ወረቀት ላይ የደፈርኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እንግዲህ ወረቀቱ ይያዝልኝ፣ እኔ ደክሞኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ድምፅ አውጥታችሁ አታንብቡት። የእኛ አገር ቤት ግድግዳው ስስ ነው።

ያን ዕለት ጨርቁን ስፈታው እጁ ጨብጦ አልነበረም። ያ ዱር የገባው ወዳጃቸው፣ በዚያ ሁሉ ፍንዳታና ጩኸት መሐል፣ የድማሚት ሳጥን ሳንቃ አንጥፎለት፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጣት በጣት ዘርግቶ ነበር ያስተኛው። እኔ የከፈትኩት አንድም ጣት የለም።