የማንጎ ፍሬ ያገኘልን ጂፒኤስ

«አንቺን ወፍጮ ቤት ከመላክ እህሉን ለነፋስ መስጠት ይሻላል» ያለኝ አባቴ ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቤታችን እስከ አቦቦ ወፍጮ ያለው መንገድ አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው፤ እሱን ስቼ ከነበቆሎዬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተገኘሁ። ቄሱ ስለት ያመጣሁ መስሏቸው ባርከው ተቀበሉኝ። በቆሎውም በዚያው ቀረ።

መንገድ የሚስት ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ እኔ ያለው ነው፤ ጠፋሁ ይላል፣ ይጠይቃል፣ ይሳቅበታል፣ ቤቱ ይገባል። ሌላው ጠፍቶም አይጠፋም። «ይቺን ዛፍ አውቃታለሁ» እያለ አሥር ሰው አስከትሎ ይሄዳል። ዛፏ ግን እሱን አታውቀውም። ከሁለቱ የትኛው ሊቀመንበር ሆኖ እንደሚመረጥ መንገር ያስፈልገኛል?

የኛ ሊቀመንበር አቶ ታደለ ይባላሉ። ማኅበራችን የንብ አናቢዎች ነው። ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ ከአቦቦ ወጣ ብሎ ካለው ጫካ ውስጥ እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ቀፎ አለን። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ለሌላ ባይበቃ ለቃለ ጉባኤ ይበቃል። ጸሐፊነት ደግሞ የሚመቸው ሌላው ሲከራከር አንገት ደፍቶ መጻፍ እንጂ አሳብ መስጠት ስለማያስፈልግ ነው። እኔ በስብሰባ ላይ ድምፄ የሚሰማው «ተነበበ፣ ጸደቀ» ስል ብቻ ነው።

አሥራ ስምንቱን ቀፎ ዛፍ ላይ የሰቀሉልን አባባ ኦቻላ ናቸው። የእያንዳንዱንም ቦታ በልባቸው የያዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። በበጋ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ዝናቡ ሲመጣ ግን ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣና ጫካው ሁሉ አንድ መልክ ይሆናል፤ ያኔ ያለ እሳቸው ቀፎ ፍለጋ መግባት ድካም ብቻ ነው ትርፉ። እንግዲህ ዘንድሮ አባባ ኦቻላ ዓይናቸው ደከመና፣ ሰኞ ዕለት ኢታንግ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሆነ።

የእኔ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር። ቀፎዎቼ ሲሰቀሉ ልጄን ሰላምን አርግዤ ስለነበር፣ የት እንዳሉ እንኳ አይቼ አላውቅም። የማኅበሩ ደንብ ቁርጥ ያለ ነው፦ በክረምት መውጫ ማር ያላስገባ አባል ቦታውን ለተረኛ ይለቃል። ደንቡን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

ይህን የሰማ የሚረዳን ድርጅት አርብ ዕለት ሁለት ጂፒኤስ ላከልን፤ ሞክራችሁ አንዱን አስቀሩ፣ ሌላውን መልሱ ብሎ። ጂፒኤስ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። ሰማይ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ወሬ እየተቀበለ የቆሙበትን ቦታ ይመዘግባል፣ በኋላም ወደዚያው ይመልሳል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ኖሯል፤ ይኸው በኛ ዘመን ታለበች።

አንደኛው ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው። በጣት ሲነኩት ባለቀለም ካርታ ይዘረጋል፤ ወንዙ ሰማያዊ፣ ጫካው አረንጓዴ። «ሙሽራው» አልነው። ሁለተኛው ቢጫ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ቁልፎቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ያበጡ፣ መስኮቱ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ነው። የሚሠራው ከማንኛውም ሱቅ በሚገዛ ባትሪ ድንጋይ ነው። እሱን ጎረቤቴ አርየት ገና ስታየው «ዱባ» አለችው፤ ስሙም ጸደቀ።

አቶ ታደለ ሙሽራውን አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ዱባውን የሚይዝ ሲጠፋ ለጸሐፊ ተሰጠ። ምርጫው እዚያው አልቋል ማለት ነው፤ የቀረው ሙከራ ለወጉ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ኦቻላን አስቀድመን ጫካ ገባን፤ ሰላም ጀርባዬ ላይ ነች። የጋምቤላን ፀሐይ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እዚህ ሰው ሲቆም ጥላ መርጦ ነው፣ ሲጣላም ጥላ መርጦ ነው። ንቡም ቢሆን በዚያ ሰዓት ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ አባባ ኦቻላ በከዘራቸው «ያ ነው» ብለው ቀፎውን ሲያሳዩን፣ እኛ እሺ ብለን በአቅራቢያው ወዳለ ጥላ እንሄዳለን። ማንጎ ይበላል፣ ፍሬው ይወረወራል። አቶ ታደለ ላባቸውን ይጠርጉና ሙሽራውን ይነኩታል። «ነጥብ አንድ ተመዝግቧል» ይላሉ፣ ዳኛ ፍርድ እንደሚያነብ። እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ዱባዬን እጫናለሁ። እንዲህ እያልን አሥራ ስምንቱንም ጨረስን። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ማንጎ በልቼ አላውቅም።

እሑድ ሁሉም ከየጸሎቱ ሲመለስ ለፈተናው ወጣን። ሙሽራው እየመራ ነጥብ አንድ አደረሰን። ዱባውም እዚያው ቆመ። ዝቅ ብለን ብናይ የራሳችን የማንጎ ፍሬ፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልሳተም። ተጨበጨበ። ነጥብ ሁለት ላይም የማንጎ ፍሬ። አቶ ታደለ «ሳይንስ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ቀፎውም ከዚያ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሣሩ ገና አልበቀለማ። ማን ምን ይላል?

ከዚያ ወደ እኔ ቀፎዎች ተሄደ። ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ትልቅ ሾላ ሥር አደረሱንና ደረስን አሉ። ቀፎዎቼ ያሉባቸው ሁለት ዛፎች ሣሩ በተቃጠለ ሜዳ ማዶ ናቸው። ቅጠላቸውን አራግፈው ከሩቅ ሲታዩ የክብሪት እንጨት ያህላሉ። እግሬ ሥር ጉንዳኖች የማንጎ ፍሬ ከበው ይሠራሉ። ሣሩ ሲወጣ እዚህ መጥቼ ከጉንዳኖቹ ጋር ልቀመጥ ነው? አባባ ኦቻላ ነገ ይሄዳሉ። ሰውም «ይበቃል፣ እንመለስ» እያለ ነው።

«ጋሼ፣ ሣሩ ሲረዝም ይሄ ዕቃ የት ነው የሚያደርሰኝ?» አልኳቸው አቶ ታደለን።

«ቀፎሽ ጋ ነዋ፣ የሰላም እናት።»

«ቀፎዬ ያ ነው። እዚህ ያለው ትናንት የበላነው ማንጎ ነው።»

አርየት ለአባባ ኦቻላ በአኙዋክኛ ነገረቻቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው አዳመጡ፣ ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው አልቆም ሲል ቁጭ አሉ። «ማሽን አልዋሸም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እናንተ ጥላ ጠየቃችሁ። ጥላ ሰጠ።»

አቶ ታደለ በከንቱ ሊቀመንበር አልሆኑም። «መቼ እንደሚገባችሁ ላይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ።

እንግዲህ ሥራው እንደገና ሊጀመር ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ቀፎው ሥር ተቁሞ። አቶ ታደለ ሙሽራውን ይዘው ወደ ፀሐይ ወጡ። መስታወቱን ቢያዩት የገዛ ፊታቸውን አዩ። አዘነበሉት፣ በባርኔጣቸው ጋረዱት፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጡ፤ ያው ፊታቸው ነው። ጣታቸው በላብ እየተንሸራተተ እምቢ አለ። በመጨረሻ ከአፍንጫቸው አንዲት የላብ ጠብታ ወርዳ መስታወቱን ነካችና ካርታውን ደቡብ ሱዳን አደረሰችው። አርየት «ጋሼ፣ ፓስፖርት ይዘዋል?» አለቻቸው።

ሰላምን ለአርየት ሰጠሁና ዱባውን ይዤ ሜዳውን አቋረጥኩ። አባባ ኦቻላ ከኋላዬ «ቀስ። እጅ አታራግቢ፣ ልጄ» ይላሉ። መጀመሪያው ዛፍ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ፤ ቀፎዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተያየን። በቆሎ ፍሬ የመሰለውን ቁልፍ ስጫን ጠጠር እንደመጫን ነው፤ ላብ አያውቅ፣ ፀሐይ አያውቅ፣ ቁጥሩ በጠራራው ፀሐይም ጥርት ብሎ ይነበባል። ብቻ ዱባው «ጠብቂ» አለኝ። ቦታውን ደጋግሞ ሊለካ ነው። አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነች የሚያውቅ ንብ ቀፎ ሥር እጁን ሰብስቦ የቆመ ሰው ብቻ ነው። አንዷ ጆሮዬን አየችው፣ ተወችው። ቅንድቤን አየችው፣ ተወችው። ከዚያ ከንፈሬ ላይ አረፈችና ወሰነች።

በዓመት አንድ ቀን ብናገር አፌን መረጠች።

ዱባው ግን ጢጥ አለ፤ ተመዘገበ። ሁለተኛውንም ከንፈሬ እያበጠ መዘገብኩ። አባባ ኦቻላ ወደ ሾላው መለሱኝና «አሁን ዛፍ አትይ። ማሽን ብቻ እይ» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ከመስኮቷ ዓይኔን ሳልነቅል ሄድኩ። ጢጥ ሲል እጄን ዘረጋሁ፤ የዛፉን ቅርፊት ነካሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልስቅ ስል ግን ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ።

ጀምበር እስክትጠልቅ የግማሹን ጨረስን። የቀረውን ሰኞ በማለዳ ወጣን። መኪናው ያመልጥዎታል ስንላቸው አባባ ኦቻላ «መኪና ሳይሞላ አይሄድም። ከቀትር በፊት ሞልቶ አያውቅም» አሉ፤ እንዳሉትም ሆነ። ሲሳፈሩ ያበጠ አፌን አይተው «ንብሽ አውቃሻለች፣ አሁን ያንቺ ናት» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተቀመጥን፤ ጥላ ሥር፣ እንደ ደንቡ። ዱባው በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። አቶ ታደለ ለቃለ ጉባኤው «ሊቀመንበሩ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ባደረጉት ጥልቅ ጥናት» እያሉ አስጻፉኝ። ከንፈሬ አያናግረኝም፤ ሁሉንም ጻፍኩ።

ሰዉ ሲበተን ሙሽራውን አነሳሁት። መስታወቱ የጣት አሻራ ብቻ ሆኗል። በቀሚሴ ጫፍ አጥርቼ ጠረግኩትና ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ከዚያ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ በዚያው ጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ ክዳኑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ለቢሮ ሥራ እጅግ በጣም ጥሩ ነው።»