ዋሽንቱ ኪቦርድ ነው ያልሁ ጊዜ

እኔ ቴሌግራም ላይ «እርስዎ» ብሎ የሚጠራኝን ሰው አላምንም። እናንተ ታምናላችሁ? መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አንተ» የሚለኝ ሰው፣ ስልክ ላይ ሲሆን በምን ምክንያት ነው የሚያከብረኝ? አንድ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

ልንገራችሁ። ባሕር ዳር የምንኖር ሙዚቃ ወዳጆች አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። መሥራቹም፣ አስተዳዳሪውም፣ አልበም ገምጋሚውም እኔው ነኝ። የምውለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ መሸጥ ሲሰለቸኝ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እገመግማለሁ። ግሩፑ ሁለት ሕግ አለው። አልበሙን ሙሉ ሳይሰሙ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው። የዘመድ አስተያየት ደግሞ ይሰረዛል።

ይቺ ሁለተኛዋ ሕግ በምሬት የመጣች ናት። እኛ ዘንድ ዘፋኝ አልበም ሲያወጣ ዘመዶቹ እንደ ሠርግ ነው የሚቆጥሩት። ሠርግ ላይ ያልተገኘ ዘመድ ቅያሜ አለበት አይደል? አስተያየት ያልጻፈም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ከዱርቤቴ አንድ ቤተሰብ ተጠራርቶ ግሩፓችን ገባ። አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ አማች ሳይቀር «እንኳን ደስ አለህ፣ ኮራንብህ፣ እናትህ ደህና ናት» እያሉ ጻፉ። ችግሩ፣ የጻፉት በሌላ ዘፋኝ አልበም ሥር ነው። ሰውየው ደግሞ እናቴ ታማ ነበር እንዴ ብሎ ደንግጦ ቤቱ ደወለ። የገዛ ልጃቸው በበኩሉ ለካ ዘመድ የለኝም ብሎ አኮረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እጠረጥራለሁ። «ምርጥ ሥራ» ብሎ አምስት የእሳት ምልክት የደረደረ የአጎት ልጅ ነው። «ገና አንደኛውን ስሰማ አለቀስሁ» ያለ ወንድም ነው። ፎቶ የሌለው ደግሞ ራሱ ዘፋኙ ነው። ስንቱን ይዤዋለሁ መሰላችሁ! ባለቤቴ አልማዝ፣ ሰላይ መሆን ሲገባህ ደብተር ሻጭ ሆነህ ቀረህ ትለኛለች። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ክረምት ይታይሽ የምትባል የመራዊ ከተማ ልጅ የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ዐሥር ዘፈን ነው። ሰማሁት፤ ድምፅዋ ደስ ይላል። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ግን አንድ ዋሽንት አለ፣ ከመጠን በላይ የጠራ፣ ትንፋሽ የማይሰማበት። እኔን ማን ያታልለኛል? «ዋሽንቱ ኪቦርድ ነው፤ ይኼ አድማጭን መናቅ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ግሩፑ በሙሉ አጨበጨበልኝ። አንዳንዱማ ልጅቷን አታላይ እስከማለት ደረሰ።

በመሐል «መንገደኛ» የሚባል፣ ፎቶ የሌለው ሰው መጣ። ዋሽንቱ የእውነት መሆኑን፣ ደግሜ ብሰማው ደስ እንደሚለው በትሕትና ጻፈ። በ«እርስዎ» ነው የጻፈው። ይኸው ተያዘ አልሁ በልቤ። ግሩፑ ውስጥ የገባበትን ቀን አየሁ፤ አልበሙ በወጣ ማግስት። የይታይሽ ምኗ ነዎት ብዬ ጠየቅሁት። «ጥያቄው ስለ ዋሽንቱ ነው ወይስ ስለ እኔ?» ብሎ መለሰልኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። በንዴት፣ ዋሽንት ሆኖ ከተገኘ ዳግመኛ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አልበም አልገመግምም ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ግምገማው ከቀረብኝ እኮ የሚተርፈኝ ደብተር ብቻ ነው።

መንገደኛ፣ ቅዳሜ ጠዋት የዘጌ ጀልባ ከሚነሣበት ወደብ ብቅ ይበሉ አለኝ። ሄድሁ። ወዴት እንደምሄድ ለአልማዝ ነግሬ፣ ካልተመለስሁ ለማን እንደምትደውል ጭምር አስረድቼ ነው የሄድሁት።

የጠበቁኝ የጀልባ ነጂ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ጋሽ ሞላ። መጀመሪያ ያሉኝ፣ ፎቶህ ላይ ከረባት አስረህ ሳይህ ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር የሚል ነው። «እርስዎ» እዚያው ላይ ቀረ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ሥር ዋሽንት አወጡና ተሳፋሪው እስኪሞላ ነፉ። ሰባተኛው ዘፈን ነው። ያው፣ ከመጠን በላይ የጠራው። ትንፋሻቸውን ፈለግሁት፤ ተጠግቼም አልሰማሁትም። ኪሳቸው ውስጥ ስፒከር ይኖር ይሆን ብዬ አየሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አየሁ።

ሲጨርሱ የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ጋሽ ሞላ፣ ዘመዷ ነዎት?»

«አጎቷ ነኝ» አሉኝ። «አጎቷ ስለሆንሁ ዋሽንቱ ኪቦርድ ይሆናል?»

ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ጆሮዬ ነው። ልጅቷ ስድቡን አንብባ ስልኳን ዘግታ መቀመጧንም ነገሩኝ። ተቆጥተው አይደለም፤ እንዲያው ነገሩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሱቄ ተመልሼ ሁሉንም ጻፍሁ። ዋሽንቱ ዋሽንት መሆኑን፣ ይታይሽን ይቅርታ መጠየቄን፣ ከግምገማ መሰናበቴን። የሳቀብኝ ሰው ብዛቱ! ባለፈው ያጨበጨቡልኝ ናቸው አብዝተው የሳቁት። ተው አትሂድ ያለኝ አንድም ሰው የለም።

አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ቁጭ ስል አንድ አስተያየት መጣ። «እውነት ወዳድ» የሚባል፣ ፎቶ የሌለው፣ የዚያኑ ዕለት የገባ ሰው ነው። «አስተዳዳሪው አንዴ ቢሳሳት ምን አለበት?» ይላል። «ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ ምሳ ተጠርቶ ሳይሰማ ነው አልበም የሚያዳምጠው። እንደ እሱ የሚደክም ማን አለ?»

ምሳ ተጠርቼ እንደማልሰማ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሷም ጓዳ ውስጥ ስልኳን ይዛ ድምፅዋን አጥፍታለች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የዘመድ አስተያየት ይሰረዛል። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ፒን አደረግሁትና ከግሩፑ አናት ላይ ሰቀልሁት።

ብዙም ሳይቆይ መንገደኛ ከሥሩ ጻፉ፦ «ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።»